ሪፍም የማያ ፍርስራሽም፦ ኮስታ ማያን በራስ የመጎብኘት መመሪያ

የሜክሲኮዋ መዝናኛ ከተማ ካንኩን ደርሰው የተመለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ግርግር የሌለበት፣ ባሕሩ ውስጥ ሪፍ፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ የጥንቱ የማያ ሕዝብ ከተሞች ፍርስራሽ ያለበት ቦታ የት ነው? ያለ አስጎብኚ ድርጅትስ እንዴት ይኬዳል?» ለእያንዳንዱ ቁርጥራጭ መልስ ከመላክ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቦታው የሜክሲኮ ኪንታና ሮ ግዛት ደቡባዊ ዳርቻ ነው፤ ኮስታ ማያ ይሉታል። ማረፊያችሁ ማሃዋል የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ትሆናለች። ከእሷ በስተደቡብ፣ የቤሊዝ ድንበር አጠገብ፣ ሽካላክ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ከዳርቻው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ገባ ብሎ ባንኮ ቺንቾሮ የሚባል ሰፊ የኮራል ቀለበት ይገኛል። ወደ የብስ ዞር ስትሉ ደግሞ ቻክቾበን፣ ኮሁንሊችና ዚባንቼ የተባሉ የማያ ከተሞች ፍርስራሽ አለ። ሪፉ ከዩካታን ጫፍ እስከ ሆንዱራስ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የሜሶአሜሪካ ሪፍ አካል ነው። ሪፍ የምለው ኮራል የተባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ለብዙ ሺህ ዓመታት የገነቡትን የኖራ ድንጋይ ግንብ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እዚህ ዳርቻ የቀኑን ፕሮግራም የሚያወጣው ነፋሱ ነው። ነፋስ ሲተኛ ባሕር፣ ነፋስ ሲነሳ ፍርስራሽ። «ማክሰኞ ስኖርክል (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ሪፍ ማየት)፣ ረቡዕ ፒራሚድ» ብሎ ከቤቱ ወስኖ የሚመጣ ሰው ማክሰኞን ደፍራሽ ውኃ ውስጥ፣ ረቡዕን ደግሞ መስታወት የመሰለ ባሕር ትቶ ጫካ ውስጥ ሲያልበው ይውላል። ስለዚህ ቢያንስ አራት ሙሉ ቀን ያዙ፤ ቀናቱን ግን አስቀድማችሁ አትደልድሉ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ስልካችሁ ላይ 8፡00 ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የራሳችሁ የመጥለቂያ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ። የኪራዩ መነጽር ለፊታችሁ የተለካ አይደለም፤ ውኃ ካስገባ ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። የእግር መቅዘፊያውን እዚያው መከራየት ይቻላል።
- እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝ። ፊትን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ለሚንሳፈፍ ሰው ፀሐይ የምታገኘው ጀርባውን ነው። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል።
- ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ሰንስክሪን፣ ሸሚዙ ለማይሸፍነው ቦታ ብቻ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸው ኮራልን ስለሚጎዱ አትያዙ።
- ላይፍ ጃኬት፣ ወይም በገመድ የሚጎተት ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ፤ የጀልባ ነጂ ከሩቅ እንዲያያችሁ።
- የተዘጋና የማያንሸራትት ጫማ፣ ቀለል ያለ ረጅም ሱሪ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ (ለፍርስራሹ)።
- ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሦስት ሊትር የታሸገ ውኃ። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም።
- በትንንሽ ኖት የተዘረዘረ ፔሶ።
- ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድሞ የወረደ ካርታ።
- ቁስል ማጠቢያ፣ ፕላስተር፣ ኮምጣጤ፣ የአለርጂ ኪኒን።

1. ወሩን ምረጡ

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ዝናቡ ያነሰ ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በ2007 ዲን የተባለው አውሎ ነፋስ ማሃዋልን ያፈራረሰው ኦገስት ውስጥ ነበር። በፈረንጆቹ ከማርች እስከ ኦገስት ገደማ ደግሞ ሳርጋሶ የተባለው ቡናማ የባሕር አረም ዳርቻውን ይሞላዋል፤ ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል፣ ውኃውንም ያጠቁራል። በመረጥኩላችሁ ጊዜም ቢሆን «ኖርቴ» የሚሉት የሰሜን ነፋስ እየመጣ ሁለት ሦስት ቀን ባሕሩን ያናውጠዋል። ተጨማሪ ቀን ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ይህ ጥሩ ወቅት ከዓቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የምትጾሙ ከሆነ ባቄላውና ሩዙ ጾም መስሎ ይቀርባል እንጂ ባቄላውን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠሩት። «ሲን ማንቴካ» ብላችሁ ያለ ስብ መሆኑን ጠይቁ።

2. መግቢያ ወረቀታችሁን አጣሩ

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ምንም አይቸገርም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ግን የሜክሲኮ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን አገሮች ቋሚ መኖሪያ ወይም ጊዜው ያላለፈ ቪዛ ካለው ግን ለጉብኝት በዚያ መግባት ይችላል። ደንብ ስለሚለወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አቅራቢያችሁ ያለውን የሜክሲኮ ቆንስላ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ መግባቱ ሌላ፣ መመለሱ ሌላ ነው። የአሜሪካ ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ መመለሻ ላይኖራችሁ ይችላል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ደግሞ ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአሜሪካ ከወጣችሁ ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁት ሊቆጠር ይችላል። ከጠበቃችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትንቀሳቀሱ። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዛችሁም ለብቻው አጣሩ።

3. መኪና ተከራዩ፣ በቀን ብርሃን ንዱ

ከካንኩን ማሃዋል ከአራት ሰዓት በላይ ይነዳል። በ307 ቁጥር አውራ ጎዳና ቱሉምንና ፌሊፔ ካሪዮ ፑዌርቶን አልፋችሁ ትወርዳላችሁ፤ ሊሞኔስን እንዳለፋችሁ ካፌታል ላይ ወደ ግራ ታጥፋችሁ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ ትነዳላችሁ። ተራ መኪና ይበቃል።

ኢንሹራንሱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሜክሲኮ ውስጥ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ መያዝ ግዴታ ነው፤ የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች የሚሰጡት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የተከራያችሁትን መኪና እንጂ ይህን አይነካም። ኢንተርኔት ላይ በቀን ጥቂት ዶላር የታየው ኪራይ ቢሮው ስትደርሱ እጥፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስታስይዙ «የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ተካቷል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ነዳጅ ፌሊፔ ካሪዮ ፑዌርቶ ላይ ሙሉ። ቀጂው ከመጀመሩ በፊት መቁጠሪያው ዜሮ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ «ዬኖ» ካላችሁት ይሞላላችኋል። በየመንደሩ መግቢያና መውጫ «ቶፔ» የሚሏቸው የፍጥነት መግቻዎች አሉ፤ አንዳንዱ ቀለሙ ለቅቆ አስፋልቱን ይመስላል። ማታ አትንዱ የምለው በዋናነት ለእነሱ ነው፤ መብራት የለም፣ እንስሳትም መንገድ ላይ ይወጣሉ። የወታደር ኬላ ካጋጠማችሁ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ሰላምታ ስጡ፤ የተለመደ ፍተሻ ነው።

4. ማሃዋል ስትደርሱ

ገንዘብ ከባንክ ኤቲኤም አውጡ። ማሽኑ «በዶላር ላስላልህ?» ሲል እምቢ በሉት፤ የራሱ ምንዛሪ ሁልጊዜ ከባንካችሁ የባሰ ነው።

ቀጥሎ የትኞቹ ቀኖች ላይ የመርከብ ቱሪስት እንደሚመጣ አጣሩ፤ የወደቡ መርሐ ግብር ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ሆቴሉም ያውቀዋል። ግዙፍ መርከቦች በቆሙ ቀን የማሃዋል መሃል ዳርቻም ቻክቾበንም ይጨናነቃሉ። መርከብ ካለ ወይ ገና በጠዋት፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ብቻ።

የስልካችሁን ሰዓት በእጅ አስተካክላችሁ ቆልፉት። ኪንታና ሮ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትለውጥም፣ ቤሊዝ ደግሞ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሽካላክ ላይ ስልኩ የቤሊዝን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል፤ ያኔ ጀልባው ያመልጣችኋል፣ የሮሚንግ ሂሳቡም ይመጣል።

5. ማታ ማታ ነፋሱን አንብቡ

ከመተኛታችሁ በፊት ዊንዲን ወይም ሌላ የነፋስ ትንበያ መተግበሪያ ክፈቱና የነገውን ጠዋት ከ12 እስከ 5 ሰዓት ያለውን እዩ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ባሕር፤ ከ15 እስከ 25 ከሆነ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍርስራሽ። ነፋሱ ከምሥራቅ ከመጣ ማዕበሉን በቀጥታ ወደ ሪፉ ይገፋዋል። ብዙ ጊዜ ከረፋዱ ጀምሮ እየበረታ ስለሚሄድም ጠዋቱን ተጠቀሙ።

ጠዋት ተነስታችሁ ውኃውን በዓይናችሁ እዩ። ከዳርቻው ፊት ለፊት ነጭ መስመር ይታያችኋል፤ ማዕበሉ በሪፉ ጫፍ ላይ የሚሰበርበት ነው። መስመሩ ቀጭንና ዝም ያለ ከሆነ መልካም። ወፍራም ሆኖ ድምፁ እስከ አሸዋው የሚሰማ ከሆነ ትንበያው ምንም ይበል ምን አትግቡ። ቀይ ወይም ጥቁር ባንዲራ ከተሰቀለም እንደዚያው።

6. መነጽሩን አዘጋጁ

ሰው ከምንም በላይ የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው።

መነጽሩን ያለ ማሰሪያው ፊታችሁ ላይ ለጥፋችሁ በአፍንጫ ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁ ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ከወደቀ አትግዙት። ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ሲጠብቅ ላስቲኩ ይጣመምና ይብስ ያስገባል።

አዲስ መነጽር ከፋብሪካ የቀረ ስስ ሽፋን ስላለበት ጉም ይይዛል። ነጭ የጥርስ ሳሙና ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ፈትጋችሁ እጠቡት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ውኃ ከመግባታችሁ በፊት ምራቅ ቀብታችሁ ማለቅለቅ ይበቃል።

ሹሩባ የተሠራችሁ፣ የላስቲኩ ጠርዝ ቆዳ ላይ እንጂ ጉንጉን ላይ ማረፍ የለበትም፤ አንዲት ዘለላ ስትገባ ውኃ ትጋብዛለች። የዋና ቆብ አድርጋችሁ ግንባሩ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት። ጢም ያላችሁ፣ ከአፍንጫ በታች ያለችውን ቁራጭ ብትላጯት ትገላገላላችሁ።

ከዚያ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቁሙና ፊታችሁን ብቻ ነክራችሁ በቱቦው ተንፍሱ። ቀስ ብሎ መሳብ፣ ረዘም አድርጎ ማውጣት። ቱቦው ውኃ ሲገባው በአንድ ኃይለኛ «ቱ» ወደ ላይ አስወጡት። ይህን ያለ ድንጋጤ እስክትችሉ ድረስ አትራቁ፤ ሪፍ ላይ የሚያሰጥመው አብዛኛውን ጊዜ ጥልቀቱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው።

«ዋና አልችልምስ?» ጨዋማ ውኃ ከላንጋኖ ወይም ከመዋኛ ገንዳ የተሻለ ያንሳፍፋል፣ ግን ዋናን አይተካም። ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ፣ የምትይዙት ተንሳፋፊ ቀለበት ካለው አስጎብኚ ጋር በጀልባ ሂዱ። ከዳርቻ ተነስታችሁ በራሳችሁ አትግቡ።

7. ሪፉ ላይ

ከአሸዋው እስከ ነጩ መስመር ያለው ክፍል ጥልቀት የሌለው፣ የባሕር ሣር የበቀለበት ነው። ስትገቡ እግራችሁን እየጎተታችሁ ሂዱ እንጂ አታንሱ፤ አሸዋ ውስጥ የተቀበረው ሬይ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ጅራቱ መርዛማ እሾህ አለው፣ ንዝረት ሲሰማው ግን ይሸሻል።

ጅረቱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሳትቀዝፉ ተንሳፈፉና ከታች ያለውን ሣር እዩ። መጀመሪያ ከጅረቱ በተቃራኒ ዋኙ፤ ሲደክማችሁ ራሱ ይመልሳችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጩ መስመር በአንዳንድ ቦታ ይቋረጣል። ጀማሪ ሰው «ማዕበል የሌለበት ቦታ» ብሎ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከሁሉም የከፋው ግን እሱ ነው። ማዕበሉ ሪፉን አሻግሮ ያስገባው ውኃ ሁሉ ወደ ጥልቁ ተመልሶ የሚወጣው በዚያ ክፍተት ነው፤ ጀልባዎችም የሚያልፉት በዚያው ነው። ጅረቱ ከያዛችሁ አትታገሉት፤ ከሪፉ ጎን ለጎን ወደ አንድ ወገን ዋኙ፣ እጃችሁን አንስታችሁ አውለብልቡ።

ከሥራችሁ ያለው ውኃ ከአንድ ክንድ ካነሰ ተመለሱ። ኮራል ላይ አትቁሙ፣ አትንኩም፤ የአንጎል ቅርጽ ያለው ኮራል በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ የእናንተም ቁስል ቶሎ አይድንም። በተለይ ጫፉ ነጣ ያለ የሰናፍጭ ቀለም ካያችሁ «የእሳት ኮራል» ነው፤ ከነካችሁት ይለበልባል፣ ቦታውን በኮምጣጤ አርጥቡት። ባለ ቀይና ነጭ መስመሩ፣ ክንፉን እንደ ማራገቢያ የዘረጋው ዓሣ አንበሳ ዓሣ ነው፤ እሾሁ መርዛማ ነው። ከወጋችሁ የተወጋውን ክፍል በምትችሉት መጠን ሞቅ ባለ፣ ግን በማያቃጥል ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሙቀቱ መርዙን ያዳክመዋል።

8. ሽካላክና ቺንቾሮ

ሽካላክ ከማሃዋል በአስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መታጠፊያው ማሃዋል ከመግባታችሁ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። ካርታው በባሕሩ ዳር በአሸዋ መንገድ ሊወስዳችሁ ቢሞክር አትስሙት። ቤንዚንም ባንክም እንደሌለ ቆጥራችሁ ውጡ። ሪፉ ከ2000 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያ አለው። ጠላቂዎች የሚመጡት ላ ፖሳ ለሚባለው የባሕር ውስጥ ሸለቆ ነው፤ ታርፖን የሚባሉ ሰው የሚያክሉ ብርማ ዓሦች ተሰብስበው ይቆማሉ።

ቺንቾሮ ከ1996 ጀምሮ ባዮስፌር የሚሉት ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ነው፤ የሚኬደው ፈቃድ ባለው ጀልባ ብቻ ነው። ጉዞው ክፍት ባሕር ላይ ስለሆነ የወደቡ ባለሥልጣን ነፋስ ሲበረታ ለትንንሽ ጀልባዎች ወደቡን ይዘጋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ወደቡ ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል?» በሉ። የመጀመሪያው የተረጋጋ ቀን ላይ ሂዱ፤ «ነገ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው ይመለሳል። ካዮ ሴንትሮ በተባለው ደሴት አዞ ስላለ አስጎብኚው ካሳያችሁ ቦታ ውጭ ውኃ አትግቡ። ሪፉ ላይ ከሰመጡት መርከቦች ሚስማር እንኳ አይነሳም፤ በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

9. ነፋሻ ቀን፦ ፍርስራሹ

ቻክቾበን ከማሃዋል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት በር ላይ ሁኑ፤ ሙቀቱም ትንኙም ሕዝቡም ያኔ ቀላል ነው። ትልልቆቹ ቤተ መቅደሶች ከኮሁኔ ዘንባባ መሃል ብቅ ይላሉ፤ ጫካው ውስጥ እንደ አንበሳ የሚያገሳ ነገር ብትሰሙ ሃውለር የተባለው ጦጣ ነው፣ አትደንግጡ።

ኮሁንሊችና ዚባንቼ ራቅ ይላሉ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ በመንዳት ከቼቱማል በስተምዕራብ በ186 ቁጥር መንገድ ግራና ቀኝ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፣ ግን ገና ሲነጋ መንገድ ጀምሩ። ኮሁንሊች ላይ ከሰው የሚበልጡ የኖራ ልስን ፊቶች ከቤተ መቅደሱ ደረጃ ግራና ቀኝ አሉ፤ ቀይ ቀለሙ በየቦታው ቀርቷል። ለእነሱ ሲሉ ብቻ መሄድ ያዋጣል።

ደረጃ መውጣት በተፈቀደበት ቦታ በሰያፍ ውጡ፣ ስትወርዱም ጎን ለጎን። እርከኑ ከጫማ ስለሚጠብ ፊት ለፊት የሚወርድ ሰው ተረከዙ ብቻ ነው የሚያርፈው። ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ሻጋታ ይዞ ስለሚያንሸራትት ተዉት። ገመድ የተወጠረበትን አትለፉ።

ከመንገዱ አትውጡ። «ቼቼን» የሚሉት ዛፍ ጥቁር ፈሳሹ ቆዳን ያቃጥላል፤ ግንዱ ላይ ጥቁር ጠብታ ካያችሁ አትደገፉት። ድሮን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያም እንደዚሁ። የሸክላ ስባሪ ኪስ ውስጥ መክተት በሜክሲኮ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

10. መውጫ

በታንክ አየር ከጠለቃችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቃችሁ ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት አትብረሩ። ደማችሁ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ ሲደርስ አረፋ ይሠራል። ለስኖርክል ይህ ችግር የለም። ስለዚህ በታንክ የምትጠልቁ ከሆነ የመጨረሻውን ሙሉ ቀን፣ ነፋስ ባይኖርም እንኳ፣ ለፍርስራሽ ተዉት፤ ከሕጌ ውጭ የምሆነው ለዚህ ብቻ ነው።

ዕቃችሁን በንጹሕ ውኃ ለቅልቃችሁ አድርቁት። ከ2018 ጀምሮ የሜክሲኮን ካሪቢያን ሪፎች የሚገድል የኮራል በሽታ ስላለ እርጥብ ዕቃ ይዞ ከአንዱ ሪፍ ወደ ሌላው መሄድ አይመከርም።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት

- ሪፍና ፍርስራሽን በአንድ ቀን ማጨቅ። ሁለቱም ጠዋትን ነው የሚፈልጉት፤ አንዱ ይጎዳል።
- ከካንኩን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን መሞከር። ከስምንት ሰዓት በላይ መንዳት ሆኖ ይቀራል፣ ግማሹም በጨለማ።
- ሰንስክሪን ተቀብቶ ወዲያው ውኃ መግባት። ይታጠባል፣ እናንተንም አይከላከልም።
- ብቻ መዋኘት። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን እግሩ ይኮማተራል።
- ለአደጋ የሚደወለውን ቁጥር አለማወቅ። ሜክሲኮም 911 ነው፤ ሽካላክ ላይ ግን ስልክ ላይሠራ ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት ወዴት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለሆቴሉ ንገሩ።